ሳይበተን የሚሠራ ፕሮግራም፦ የፓንዶራ ፒኤንዲ ፋይል እንዴት ታሰበ?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የምናወራው ፒኤንዲ ስለሚባል አንድ የፋይል ዓይነት ነው። አዎ፣ ሙሉ ቪዲዮ ስለ አንድ ፋይል። አትሂዱ፣ ደስ ይላል።

በ2010 ፓንዶራ የምትባል የእጅ ኮምፒውተር ለገዢዎች መድረስ ጀመረች። በሊኑክስ የምትሠራ፣ ኪቦርድም የጌም መቆጣጠሪያም ያላት። የውስጥ ማከማቻዋ ግን 512 ሜጋባይት ነው። ጊጋ አላልኩም፣ ሜጋ! በዚያ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የሚኖረው እዚያው ተጣቦ ነው። ደግነቱ ሁለት የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ አላት። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ካርድ ላይ ይኖራሉ። ጣጣው ደግሞ ካርድ በፈለጋችሁ ሰዓት ነቅላችሁ የምታወጡት ነገር መሆኑ ነው።

አሁን የምወደው ምሳሌ። ሁለት እንግዶች ቤታችሁ መጡ እንበል። አንደኛው ገና ከመግባቱ ሻንጣውን ይዘረግፋል። ሸሚዙን ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ፣ ጫማውን አልጋ ሥር፣ የጥርስ ብሩሹን ከናንተ ብሩሽ ጋር አንድ ኩባያ ውስጥ። ቻርጀሩን? የናንተን ነቅሎ ነው የሰካው። ሲሄድማ ሁሉንም ሰብስቤአለሁ ይላል። ከሳምንት በኋላ ሶፋው ሥር አንድ እግር ካልሲ ታገኛላችሁ። አንድ እግር! ይሄ እንግዳ ኢንስቶል የሚባለው ነው። ሁለተኛው ሻንጣውን ጥግ ያስይዛል። የሚፈልገውን ከዚያው ያወጣል፣ እዚያው ይመልሳል። ሲሄድ እጀታውን ይዞ ውልቅ። ቤታችሁ እንደነበረ ነው። የኔ ሰው እሱ ነው። ፒኤንዲ ማለትም እሱ ነው። ሻንጣው ላይ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። የማን እንደሆነ ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። ይቺን ወረቀት ያዙልኝ።

ወደ ቴክኒኩ። ማውንት ማድረግ ማለት የታሸጉ ፋይሎችን ሳይበትኑ እንደ አንድ ፎልደር ከፍቶ ማሳየት ነው። ይቺን ይዛችሁ ተከተሉኝ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምሄደው። ፒኤንዲ ሦስት ነገሮች ተከታትለው የተለጣጠፉበት ፋይል ነው። ከፊት የፋይል ሲስተም ምስል፣ ማለትም የፕሮግራሙ ፋይሎች ከነፎልደራቸው የታሸጉበት ክፍል፤ ብዙ ጊዜ ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ዓይነት፣ የታመቀና የማይጻፍበት። ቀጥሎ ፒኤክስኤምኤል የሚባል መግለጫ፤ ስሙን፣ መለያውን፣ የሚነሳውን ፋይል የያዘ። ጅራቱ ላይ አይከኑ። ያቺ ወረቀት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማሽኗ ጅራት ጅራቱን አይታ ፕሮግራሞቹን ሜኑ ላይ ትደረድራለች። አንዱን ስትነኩ ምስሉ ማውንት ይሆናል፤ በላዩ ካርዱ ላይ ያለ አፕዳታ የሚባል ፎልደር ይደረባል። ፕሮግራሙ አንድ ፎልደር ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ የሚጽፈው ሁሉ ግን አፕዳታ ውስጥ ይገባል። ሲዘጋ ማውንቱ ይነሳል። አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አዘጋጁ ሌላ ስም ካልሰጠው በቀር የዚያ ፎልደር ስም የሚመጣው ከመለያው ነው። አዘጋጁ በአዲሱ ቨርዥን መለያውን ቢቀይር ጌሙ ሴቭ ያደረጋችሁትን አያገኘውም። አልጠፋም፣ የድሮው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። እናንተ ግን እስክትደርሱበት አብዳችኋል።

እስካሁን የተመቻችሁ ላይክ በሉና እንቀጥል። ምክንያቱም ይሄን ርዕስ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ክርክር ይመጣል፦ «መግለጫው ከኋላ ከሆነ 1 ጊጋባይት ሙሉ ማንበብ አለባት፣ ቀርፋፋ ዲዛይን ነው።» አይደለም! ቴፕ ቢሆን ኖሮ ልክ ናችሁ። ካርድ ላይ ግን ፕሮግራም ቀጥ ብሎ መጨረሻው ላይ አንብብልኝ ማለት ይችላል።

እዚህ ጋ አንድ ጎበዝ እጁን ያወጣል፦ «ፋት32 ላይ እኮ ሰንሰለቱን መከተል ግድ ነው!» ጎሽ፣ እውነት ነው። ፋት32 ብዙ ካርዶች ላይ የሚገኝ የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ነው፤ ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ያስቀምጣል፤ የሚቀጥለው ቁራጭ የት እንዳለ ሠንጠረዥ ላይ በ4 ባይት ይጽፋል። እናስላው። ቁራጩ 32 ኪሎባይት ከሆነ፣ 1 ጊጋባይት ፋይል 32,768 ቁራጭ ነው። በ4 ስታባዙት 128 ኪሎባይት። የሚነበበው ይሄና ጅራቱ ነው። ጊጋባይቱን ማንም አልነካውም።

ታዲያ ለምን ከፊት አላደረጉትም? ሊኑክስ ስኳሽኤፍኤስን የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ነው። ከፊቱ ጽሑፍ ከለጠፋችሁ ምስሉ ከቦታው ይገፋል። ከኋላ ሲለጠፍ ግን ምስሉ አይሰማውም፤ የራሱን መጠን መጀመሪያው ላይ ጽፎ ይዟል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አያገባውም። ዚፕም ቢሆን ማውጫውን የሚያስቀምጠው ከኋላ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ፋት32 የሊኑክስን የፋይል ፈቃድም ሲምሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አያውቅም። ምስሉ ውስጥ ግን ሁሉም እንዳለ ይቆያል።

የማይመቸኝ ነገርም አለ። እያንዳንዱ ፒኤንዲ ከሲስተሙ የማያገኘውን ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ፣ ራሱ ተሸክሞ ይዞራል። አሥር ፕሮግራም አንድ ዓይነት ላይብረሪ ከፈለገ፣ ካርዱ ላይ አሥር ኮፒ። ቦታው ግድ የለም፣ ካርድ ርካሽ ነው። ላይብረሪው ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን አሥሩም አዘጋጆች እየተነሱ የየራሳቸውን ማደስ አለባቸው። ግማሾቹ ደግሞ ፕሮጀክቱን ከተዉት ቆይተዋል። እነ ዴብያን የመሳሰሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይብረሪውን ለብቻው ፓኬጅ ስለሚያደርጉት አንዱን ማደስ ይበቃቸዋል፤ ግን እነሱም የራሳቸው ራስ ምታት አላቸው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። ቻው!