ከሠንጠረዡ የቀሩት ሴሎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ቲ ሴል የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ባዕድ ነገርን የሚለዩባቸውን ተቀባዮች ዘረመል ንባብ አጠቃላይ ሁኔታ እንዳቀርብ ይጠይቃል። አቀርባለሁ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ጋማ ዴልታ ነው። የአብዛኞቹ ቲ ሴሎች ተቀባይ አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት ሰንሰለቶች ይሠራል፤ የጋማ ዴልታ ሴሎች ተቀባይ ግን ጋማና ዴልታ ከሚባሉት።

እ.ኤ.አ. በ1984 የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቡድን የአልፋን ጂን ሲፈልግ ሳያስበው ጋማን አገኘ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሴሎች እንደ ትርፍ ሲቆጠሩ ኖረዋል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ቲ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዙ ለቸልተኛ ሰው ሰበብ አይጠፋም። «ጂኖቻቸው ጥቂት ናቸው፣ ምን ብዝኀነት አላቸው?» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ዴልታን አላነበበም። የዴልታ ጂን ሲገጣጠም ዲ የሚባሉትን የጂን ቁርጥራጮች እስከ ሦስት ድረስ ይቀጣጥላል፤ በየመጋጠሚያውም የዲኤንኤ ፊደል ይጨምራል፣ ይቆርጣል።

ከዓመታት በፊት ከቲቢ ሕሙማን ደም ቀድተን ወደ ውጭ አገር አጋር ላቦራቶሪ የላክነውን አትረሱትም። ሕሙማኑን አስፈቅደን፣ ሴሎቹን ለይተን፣ በደረቅ በረዶ አሽገን፤ በረዶው እየተነነ እኛ ከቢሮ ቢሮ ፊርማ ስንለምን ዋልን። ውጤቱ ሲመጣ የአልፋና የቤታ ሠንጠረዥ ብቻ! ጋማ ዴልታስ ብለን ጻፍን። «በዕቅዱ አልነበረም፤ ናሙናውም አልቋል» ተባልን። በዕቅዱ ነበር! ገጹን ከነፊርማው ላክንላቸው፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም። የቲቢ ባክቴሪያ የሚያመርተውን ፎስፌት ያዘለ ሞለኪውል ተከትለው የሚነሡት ጋማ 9 እና ዴልታ 2 በሚባሉት የጂን ቁርጥራጮች ተቀባያቸውን የሚሠሩት ጋማ 9 ዴልታ 2 ሴሎች ናቸው። የቲቢ ሕሙማን ደም ተቀድቶ እነዚህ ሳይነበቡ ቀሩ። ይህ ሳይንስ ነው?

«የሌላ አገር መረጃ አለላችሁ» የሚሉን ይስሙ። ጋማ 9 ዴልታ 2 ሕፃኑ ተወልዶ ከተሕዋስያን ጋር ሲገናኝ ይበዛል። የዴልታ 1 ተቀባዮች በአራስ ልጅ ደም ውስጥ እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ በብዙ አዋቂዎች ግን እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴል የተባዙ ጥቂት የሴል ዝርያዎች ብቻ ይገንናሉ፣ እነርሱም ከሰው ሰው አይመሳሰሉም። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባለው በሰው ላይ የተለመደ ቫይረስ አንዱ ምክንያት ነው። በኡጋንዳ ደግሞ ወባ የተደጋገመባቸው ሕፃናት የዴልታ 2 ሴሎች ቁጥር ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ ወባም ቲቢም በማያውቀው አገር ያደገ ልጅ ለመተከል ዞን ልጅ መለኪያ ሊሆን አይችልም። አይችልም!

አሠራሩን በአጭሩ ልንካው። የአልፋ ቤታ ሴሎችም ቁርጥራጮቹ የተገጣጠሙ የጋማ ጂን ስለሚይዙ ሴሎቹ ሳይለዩ ከወጣ ጅምላ ዲኤንኤ ላይ ጋማን ያነበበ ሰው የማንን እንዳነበበ አያውቅም፤ ሴሎቹ አስቀድመው ይለዩ። የትኛው ጋማ ከየትኛው ዴልታ ጋር እንደተጣመረ የሚያሳየው የነጠላ ሴል ንባብ ነው። የወጪው ዝርዝር በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከእንግዲህ በሚፈረም ማንኛውም የናሙና ዝውውር ስምምነት ከናሙናው ግማሹ እዚህ ይቅር፤ ጥሬው መረጃ ለእኛም ይድረስ፤ ጋማና ዴልታ በስም ተጠቅሰው ይግቡ። በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ፤ የሚቃወም ካለ እጁን ያንሣ።