ተዘግቷል ያልነው በር

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የውበት ሳሎን ባለቤቶች፣ የመዋቢያ ነጋዴዎች፣ የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በ2021 የበጋ ወራት አንዲት ደንበኛዬ ከመደርደሪያዬ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አንሥታ፣ «ይህ በእንስሳት ላይ የተሞከረ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «አይዞሽ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ እዚህ ብሪታኒያ ከ1998 ጀምሮ ቀርቷል» አልኳት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አምናኝ ገዝታ ሄደች። የነገርኳት ግን እውነት አልነበረም። እያወቅሁ ባልዋሽም ሐሰቱ ከእኔ አፍ ወጥቷልና ዛሬም ይቆጨኛል።

ምን እንደቀረ ላስታውሳችሁ። ለሻምፑና ለኩል ተብሎ በጥንቸል ዓይን ውስጥ ኬሚካል ይጨመር ነበር። በእግሯ እንዳታብሰው አንገቷ በሣጥን ይያዛል፤ ከዚያ ዓይኗ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲቆስል በየቀኑ እየታየ ይመዘገባል። አሜሪካዊው ጆን ድሬዝ ይህን ዘዴ ያሳተመው በ1944 ነው። ብሪታኒያ በተዘጋጀ መዋቢያ ላይ የሚደረገውን ሙከራ በ1997፣ በንጥረ ነገሮቹ ላይ የሚደረገውን በ1998 አቆመች። የአውሮፓ ኅብረትም ደረጃ በደረጃ ተከትሎ፣ ከማርች 2013 ጀምሮ ለመዋቢያነት ሲባል በእንስሳት የተሞከረ ምርት በገበያው እንዳይሸጥ አገደ።

ታዲያ በሩ በየት በኩል ተከፈተ? ሪች በሚባለው የኅብረቱ የኬሚካሎች ሕግ በኩል ነው። የመዋቢያ ሕጉ የሚያስበው ቅባቱን ለሚቀባው ሰው ሲሆን፣ ሪች ደግሞ ኬሚካሉን በፋብሪካ ለሚነካው ሠራተኛና ኬሚካሉ ለሚፈስበት ወንዝ ያስባል። በ2020 ሄልሲንኪ የሚገኘው የአውሮፓ የኬሚካሎች ኤጀንሲ የይግባኝ ቦርድ፣ ለመዋቢያ ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት የፀሐይ መከላከያ ንጥረ ነገሮች በእንስሳት ላይ እንዲሞከሩ ወሰነ። ከታዘዙት አንዱ የእርግዝና ሙከራ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ስሙኝ፦ ነፍሰ ጡሯ አይጥ ኬሚካሉ ይሰጣታል፤ ልትወልድ ሲቃረብ ትገደላለች፤ ፅንሶቿም ወጥተው ይመረመራሉ።

የብሪታኒያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ቀድሞውኑ በ2019፣ አገሪቱ ገና ከኅብረቱ ሳትወጣ፣ የቆየውን እገዳ ለሕዝብ ሳያሳውቅ ትቶት ነበር። ፈቃድም ተሰጠ። አገሪቱ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ስትወጣ፣ ከቤት ሲወጣ ዕቃውን ሳይመርጥ እንደሚጠቀልል ሰው ሪችንም ይዛው ወጣች፤ በ2021 መጀመሪያም የራሷ ሕግ አደረገችው። ስለዚህ «ጥፋቱ የብሬግዚት፣ ከኅብረቱ የመውጣቱ፣ ነው» የሚሉትም፣ «ብሬግዚት እንስሳቱን ነፃ አወጣ» የሚሉትም እውነቱን ጎድተውታል።

በእንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራን የሚቃወመው ክሩኤልቲ ፍሪ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት መንግሥትን ከሰሰ። በሜይ 5 ቀን 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መንግሥት ሕግ አልጣሰም ብሎ ፈረደ፤ ለውጡ ለሕዝብ አለመነገሩ ግን እንደሚያሳዝን ዳኛው ገለጹ። እኔ በጋዜጣ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያቺ ደንበኛዬ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ከ12 ቀን በኋላ የጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሱዌላ ብራቨርማን፣ ለመዋቢያ ብቻ ለሚውሉ ኬሚካሎች አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኅብረቱ ፍርድ ቤት አምራቹ ስለ እነዚያ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሙከራውን ተቃውሞ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገ። በዚህች ነጥብ የወጣችው አገር ከኅብረቱ የተሻለ ቆማለች፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

ነገር ግን «ፈቃድ አልሰጥም» የሚኒስትር ቃል ነው። የ1998ቱም እንዲህ ያለ ቃል ነበር፤ በ21 ዓመቱ ድምፅ ሳያሰማ ፈረሰ። ደግሞ «ለመዋቢያ ብቻ» የሚለውን አስተውሉ፤ ያው ኬሚካል ለልብስ ሳሙና ወይም ለቀለም ቢውል ከቃሉ ውጭ ይሆናል።

ስለ ሠራተኛው የሚጨነቁትን አልንቅም፤ ከወገኖቻችን ስንቶቹ በፋብሪካ ይሠራሉ። ቆዳን ያስቆጣ እንደሆነ ግን ዛሬ ከሰው ሕዋስ በላቦራቶሪ በተሠራ ቆዳ ይፈተሻል። ለእርግዝናው ጥያቄ ሙሉ ምትክ ገና አልተገኘም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ቢሆንም ለአንድ አዲስ ቅባት ሲባል ያቺ አይጥ እንድትሞት አልፈልግም። ለዓመታት ያገለገሉ ንጥረ ነገሮች በእጃችን ሞልተዋል፤ እናቶቻችን በለጋ ቅቤና በእንሶስላ አምረው ኖረዋል።

የምንጠይቀው እገዳው በፓርላማ በወጣ ሕግ እንዲጻፍ፣ የሚሰጠው ፈቃድም ሁሉ ለሕዝብ እንዲገለጽ ነው። ለየአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ የተዘጋጀው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የአማርኛ ትርጉሙም አብሮ አለ። ስማችሁንና የምትኖሩበትን አድራሻ ጻፉበት፤ አድራሻ የሌለበትን ደብዳቤ ተወካዮቹ ብዙ ጊዜ አይመልሱምና። እኔ ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሁሉንም ፖስታ ቤት አደርሳለሁ።