ከዳዊት ከተማ ሥር፦ ለኢየሩሳሌም ተጓዦች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ኢየሩሳሌም ጉዞ ሲወራ የምንሰማው ሁሌም መውጣት ነው። ደብረ ዘይት መውጣት፣ ጎልጎታ መውጣት። የራሳችን ዴር ሱልጣን እንኳ ያለው ጣሪያ ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ መውረድ ላወራችሁ ነው። ለትንሣኤ የምትሄዱ ሰዎች ጊዜያችሁ የተጣበበ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ጠዋት ቆጥባችሁ ከከተማዋ ሥር ግቡ። ለምን እንደምል ቀስ እያልኩ እነግራችኋለሁ።

ቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስሌት ውስጥ እንዳትገቡ።

ኢየሩሳሌም ከሥሯ ብዙ ባዶ ቦታ ያላት ከተማ ናት። የድሮ የድንጋይ ማውጫ አለ፣ የፍሳሽ ቦይ አለ፣ የመቃብር ዋሻ አለ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድማ ስፍር ቁጥር የለውም። ዴር ሱልጣን ስትደርሱ አጠገባችሁ ባለው የግብጾች ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ታገኛላችሁ። መጨረሻው በቅድስት እሌኒ ስም የሚጠራ ሰፊ የውኃ ጉድጓድ ነው። ብዙ ተሳላሚ መኖሩን ሳያውቅ አልፎት ይሄዳል። በምዕራቡ ግንብ ሥር ደግሞ ርዝመቱ ከ13 ሜትር የሚበልጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ያለበት መተላለፊያ አለ። ስለ ሁሉም ላውራ ብል ይመሻል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ይዤ ልቀጥል፦ ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም ኩሬ የሚሄደውን የውኃ ዋሻ።

ግዮን ስል ዓባይ እንዳይመስላችሁ። ይህኛው ግዮን ከዳዊት ከተማ በስተምሥራቅ፣ በቄድሮን ሸለቆ ጠርዝ ላይ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ተቀብቶ የነገሠው እዚያ እንደሆነ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ይነግረናል። ለጥንቷ ኢየሩሳሌም ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ ይኸው ብቻ ነበር። ከተማዋ እዚያ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረችው በሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ግን ከተማው ላይ፣ ውኃው ታች መሆኑ ነው። ጠላት መጥቶ ሸለቆው ውስጥ ከሰፈረ እሱ እየጠጣ አንተ ትጠማለህ።

ጠላትም መጣ። በ701 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ለኪሶን ያዘ፣ ሌሎች ከተሞችንም ያዘ፣ ኢየሩሳሌምንም ከበበ። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ነበር። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 32ን ክፈቱ። ሕዝቡ የአሦር ነገሥታት መጥተው ይህን ሁሉ ውኃ ለምን ያገኛሉ ብሎ ተሰብስቦ ምንጮቹን ሲደፍን ታነባላችሁ። ሕዝቅያስም የግዮንን ውኃ ወደ ዳዊት ከተማ ምዕራብ እንዳወረደው እዚያው ተጽፏል። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 20 ቁጥር 20 ላይም ኩሬውንና ቦዩን እንደሠራ ይናገራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንብበን እናልፈዋለን።

አሁን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንደያዘ ስሙኝ።

ዋሻው 533 ሜትር ይረዝማል። በቀጥታ ቢቆፈር ኖሮ 320 ሜትር ገደማ ይበቃው ነበር። ግን ቀጥ አላለም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። የተቆፈረው ከሁለቱም ጫፍ ነው። አንዱ ቡድን ከምንጩ፣ ሌላው ከኩሬው ተነሣ። በመካከላቸው ያለው ጠጣር አለት ነው። ኮምፓስ የለም፣ ባሩድ የለም፣ ያላቸው መዶሻ፣ ዶማና የዘይት መብራት ነው። እንዲህም ሆነው ተገናኙ። ደግሞ መገናኘት ብቻ አይበቃም፤ ውኃው መፍሰስ አለበት። በዚያ ሁሉ ርዝመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው የከፍታ ልዩነት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የተማሪ ማስመሪያ ማለት ነው። ትንሽ ቢበዛ አንደኛው ጫፍ ጉድጓድ ይሆን ነበር፤ ቢገለበጥ ደግሞ ውኃው ወደ ምንጩ ይመለስ ነበር።

እንዴት አድርገው ተገናኙ? ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ አለቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረ የተፈጥሮ ስንጥቅ ተከትለው ነው ይላሉ። ሌሎቹ ከላይ ኮረብታው ላይ የቆሙ ሰዎች ድንጋይ እየደበደቡ አቅጣጫ ይሰጧቸው ነበር ይላሉ። እኔ የድምፁ ነገር ያሳምነኛል። ውስጡ ገብታችሁ መሐል አካባቢ ስትደርሱ ዋሻው ግራ እንደተጋባ ሰው ይሆናል። አንዴ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ጥቂት ተቆፍረው የተተዉ ጉድጓዶችም አሉ። ሰዎቹ እየሰሙ፣ እየተሳሳቱ፣ እንደገና እየሰሙ እንደሄዱ ግድግዳው ራሱ ይመሰክራል። ባትሪያችሁን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ የመሣሪያውን ጭረት ተመልከቱ። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል። የተገናኙት እዚያ ነው። አስጎብኚው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ፈልጉት።

በ1880 ደግሞ አንድ ጉድ ተገኘ። አንድ የተማሪ ቤት ልጅ ከሰሊሆም በኩል ገብቶ ሲጫወት፣ ከበሩ ጥቂት ሜትሮች ገባ ብሎ በግድግዳው ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አየ። ስድስት መስመር ነው፤ በጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ጠራቢዎቹ ወደ ባልንጀሮቻቸው አቅጣጫ እየቆፈሩ፣ ሊገናኙ ሦስት ክንድ ሲቀራቸው፣ የአንዱ ሰው ድምፅ ባልንጀራውን ሲጣራ ተሰማ። በተገናኙበት ቀን ጠራቢዎቹ ፊት ለፊት፣ ዶማ በዶማ ላይ መቱ። ውኃውም ከምንጩ ወደ ኩሬው 1200 ክንድ ፈሰሰ። ከጠራቢዎቹ ራስ በላይ ያለው አለት ቁመቱ 100 ክንድ ነበር።

ይኸው ነው። ንጉሥ የለበትም። ሕዝቅያስ አልተጠራም፣ የእግዚአብሔርም ስም የለም፣ ሰናክሬምም የለም። በዚያ ዘመን ድንጋይ ላይ የሚጻፈው የንጉሥ ዝና ነበር። ሰናክሬም ራሱ ሕዝቅያስን እንደ ወፍ በጎጆ ዘጋሁት ብሎ በጭቃ ጽላት አስጽፎ ፎክሯል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ቆፋሪዎቹ ብቻ ያወራል። ቦታ ጠፍቶም አይደለም፤ ከጽሑፉ በላይ ተስተካክሎ ባዶ የቀረ ሰሌዳ አለ። ማን እንዳስጻፈው አይናገርም። ደግሞ የተጻፈው ጨለማ ውስጥ ነው፣ መንገደኛ በማያየው ቦታ። እኔን ወደዚያ ዋሻ የሚጎትተኝ ይኸ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሡ ሠራ ይለናል፤ እውነቱን ነው፣ ያዘዘ ሠራ ይባላል። የሠሩት ሰዎች ድምፅ ያለው ግን ከታች ነው። ላሊበላ ሄዳችሁ በቤተ ገብርኤል በኩል ያለውን ድቅድቅ ዋሻ በዳበሳ ያለፋችሁ ሰዎች የምለው ይገባችኋል። ያንንም የጠረበው እጅ ስሙ አልተጻፈም።

ዘመኑን የሚጠራጠር ካለ በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በዋሻው ልስን ውስጥ የቀሩ የእፅዋት ቅንጣቶችንና በኋላ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ የኖራ ድንጋዮችን መርምረው፣ ዋሻው በ700 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ እንደተቆፈረ ደርሰውበታል። የለም፣ ከሕዝቅያስ ትንሽ ይቀድማል የሚሉ አርኪኦሎጂስቶችም አሉ። ክርክሩ የቤተሰብ ክርክር ነው፤ በመቶ ዓመት ገደማ ነው የሚለያዩት።

ወደ ኋላ ዘመን ልምጣ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሮቢንሰን በ1838 ዋሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልፎ ለካው። ያኔ ደለል ሞልቶት ስለነበር በየቦታው መዳህ ነበረበት። በ1867 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዋረን ገባ። ውኃው ሞልቶ ጣሪያው ጋር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ለመተንፈስ እንኳ ተቸግሮ ነው ያለፈው። ከ1909 እስከ 1911 የመጡት ሌሎች እንግሊዞች ግን ታሪካቸው ያስቃል። መሪያቸው ሞንታጉ ፓርከር ይባላል። የሚፈልጉት የቤተ መቅደሱን ሀብትና ታቦተ ጽዮንን ነበር! አክሱም መጥተው ቢጠይቁ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በቀረላቸው። መጨረሻ ላይ በሌሊት በቤተ መቅደሱ ቦታ ላይ ባለው መስጊድ ቅጥር ግቢ ገብተው ሲቆፍሩ ተነቃባቸው፤ ከተማው ተቆጣ፣ እነሱም በያፎ ወደብ በኩል በመርከብ አመለጡ። ወርቅ አላገኙም። ግን ሀብት ፍለጋ ብለው ደለሉን ጠርገውት ነበር። ዛሬ እኔና እናንተ ቀጥ ብለን የምንሄደው በነሱ ምኞት ነው። አብሯቸው የነበረው ፈረንሳዊው መነኩሴ አባ ቨንሳን ደግሞ ያዩትን ሁሉ በሥርዓት መዝግቦ አስቀረልን።

አሁን ወደ እናንተ ጉዞ። መግቢያው የዳዊት ከተማ በሚባለው የአርኪኦሎጂ ቦታ ነው፤ ቲኬት ይቆረጣል። ዋሻው ውስጥ መብራት የለም። የእጅ ባትሪ ያዙ፤ የስልክ መብራትም ይሠራል፣ ስልኩ ውኃ ውስጥ ከገባ ግን እኔ የለሁበትም። ውኃው እውነተኛ ውኃ ነው፣ ዛሬም ይፈሳል፣ ይቀዘቅዛልም። መጀመሪያ ላይ ጭን ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ በአንድ እንጂ ጎን ለጎን አይኬድም። ጣሪያው አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ያሰኛል፣ ወደ ሰሊሆም ስትቃረቡ ደግሞ ከፍ ይላል። እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል።

እናቶች፣ ያ የሚያምር ነጭ ቀሚስ ለጎልጎታ ይቆያችሁ። አባቶችም ጋቢውን ሆቴል ተዉት፤ ውኃ ከጠጣ ተሸክማችሁት ነው የምትወጡት። የሚረጥብ ሸራ ጫማ ወይም ከኋላ የሚታሰር ሰንደል አድርጉ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ውኃው ይወስደዋል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ፣ የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባችሁ ሰዎች አትግቡ። መሐል ላይ ዞሮ መመለስ አይቻልም፣ ከኋላ ሰው አለ። ለናንተ ጎን ለጎን ያለው ደረቁ የከነዓናውያን ቦይ አለላችሁ። ከሕዝቅያስ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ሌላም ልነግራችሁ የሚገባ ነገር አለ። ከዋሻው በላይ ያለው ሰፈር ስልዋን ይባላል፤ ፍልስጤማውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። በዚያ አካባቢ ከመሬት በታች የሚደረገው ቁፋሮ የቤታችንን መሠረት ይጎዳል ብለው ነዋሪዎች አቤት ይላሉ። በ1996 በምዕራቡ ግንብ ዋሻ አዲስ መውጫ መከፈቱ ብዙ ሰው የሞተበት ግጭት አስነሥቶ ነበር። በዚያች ከተማ አፈር ማንሣት ተራ ሥራ አይደለም። አስጎብኚያችሁ አንዱን ወገን ብቻ ቢነግራችሁ ሌላውንም ጠይቁ።

ስትወጡ ሰሊሆም ናችሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሄደህ ታጠብ ብሎ የላከው ወደ ሰሊሆም ነው። መጀመሪያ የምታዩት ትንሿ ኩሬ የቢዛንታይን ዘመን ናት። በጌታ ዘመን የነበረው ሰፊው ኩሬ ደረጃዎቹ የተገኙት በ2004 የፍሳሽ ቧንቧ ሲጠገን ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ አቅጣጫ የሚወጣ የድሮ መንገድ አለ፤ ከሥሩ የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ቦይ ይሄዳል። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ከተማዋን ሲያቃጥሉ ሰዎች ከመሬት በታች ባሉ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ተሸሽገው እንደነበር የዚያ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ይተርካል። አቅም ያላችሁ በዚያው ቦይ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ከደከማችሁ ደግሞ መኪና አለ፤ አታፍሩ።

ጽሑፉን ግን እዚያ አታገኙትም። ከተገኘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሰው በሌሊት ጠርቦ አወጣው፣ ሲያወጣውም ተሰባበረ። አገሩ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርኮች ሥር ስለነበር ስብርባሪው ተይዞ ወደ ኢስታንቡል ተላከ፤ ዛሬም እዚያው በአርኪኦሎጂ ሙዚየም ይገኛል። እስራኤል ጠይቃለች፣ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ በረራችሁ በኢስታንቡል በኩል የሆነና ረዘም ያለ ቆይታ ያላችሁ ሰዎች ከአየር ማረፊያው ውጡና ጠይቁ። ጥያቄ ያለው አሁን እጁን ያውጣ፤ ስለ ጫማው ከሆነ መልሴን ሰምታችኋል።

አመሰግናለሁ።