ድጋፉ ከሜዳሊያው በፊት ይድረስ፦ የስፖርተኞች ማኅበር ሊቀመንበር በዓመታዊው ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ዛሬም በውድድር ላይ ያላችሁም ሆነ ውድድር አቁማችሁ ልምዳችሁን ለተተኪዎች የምታካፍሉ ስፖርተኞች፣ ውድ አሠልጣኞች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን ዋና አጀንዳ መንግሥት ለከፍተኛ ደረጃ ስፖርተኞች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ነው። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ያዘጋጀው ረቂቅ የአቋም ሰነድ ስትገቡ ታድሏችኋል። ሰነዱ ረዘም ያለ ቢሆንም የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ድጋፍ የሚባለው ስፖርተኛው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ በእጁ የሚገባ ገንዘብ ነው፣ ካሸነፈ በኋላ የሚሰጠው ደግሞ ሽልማት ነው፣ ሁለቱም ተገቢ ቢሆኑም ሽልማቱ የድጋፉን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ወደ ሰነዱ ከመግባቴ በፊት ይህን ደብተር ላሳያችሁ እወዳለሁ። ለብሔራዊ ቡድን በምሮጥበት ዘመን የልምምድ መዝገቤ ነበር። በግራው ገጽ የዕለቱ ልምምድ፣ ርቀቱ፣ የገባሁበት ሰዓትና የልብ ምቴ ተመዝግቧል። የቀኙ ገጽ ለአሠልጣኜ አስተያየት የተተወ ነበር፤ ከመካከሉ ጀምሮ ግን የዕዳ መዝገብ ሆኗል። ከእህቴ ለመሮጫ ጫማ የተበደርኩት፣ ለወጌሻው ያልከፈልኩት፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ ሁሉም በተርታ ሰፍሯል። ይህ የሆነው የተፈቀደልኝ ወርኃዊ አበል ለአራት ወራት ሳይከፈል በቆየበት ጊዜ ነው። በነዚያ ወራት የግራው ገጽም አብሮ ሲሳሳ ይታያል፤ በሦስተኛው ሳምንት ላይ «የጠዋቱ ልምምድ ቀረ፣ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ይጀምርና ከዚያ በኋላ በየገጹ ይደጋገማል። አበሉ በመጨረሻ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲከፈለኝ ዕዳዬን ዘጋሁበት፤ የቀረውን ልምምድ ግን የምመልስበት መንገድ አልነበረም። ለታላቁ ውድድር ለማለፍ የተቀመጠውን የሰዓት መስፈርት፣ ሚኒማውን፣ ለማሟላት አንድ ሰከንድ ከሩብ ጎደለኝ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ስለተከፈለኝ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ምንም ጉድለት አይታይም ነበር። ዛሬም በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ቀድሞ የሚደርስ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የብሪታንያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ብሪታንያ ያገኘችው ስቲቭ ሬድግሬቭና ማቲው ፒንሰንት በጀልባ ቀዘፋ ያስገኙትን አንድ ወርቅ ብቻ ነበር፤ በሜዳሊያ ሠንጠረዡም 36ኛ ሆና ተመለሰች። በቀጣዩ ዓመት ከብሔራዊ ሎተሪ የሚገኝ ገንዘብ ለከፍተኛ ደረጃ ስፖርት መመደብ ጀመረ። ስፖርተኞች በቀጥታ የሚደርሳቸው የኑሮ አበል ተቆረጠላቸው፣ አሠልጣኞችና የሕክምና ባለሙያዎች በሙሉ ጊዜ ተቀጠሩ። ሲድኒ ላይ በ2000 ወርቁ 11 ደረሰ፣ በ2016 በሪዮ ደግሞ 27 ሆኖ አገሪቱን በሠንጠረዡ ሁለተኛ አደረጋት። አውስትራሊያም በ1976 ከሞንትሪያል ያለ አንድ ወርቅ መመለሷ ካስቆጫት በኋላ ብሔራዊ የስፖርት ኢንስቲትዩቷን በ1981 ከፍታለች። በሁለቱም አገሮች ልብ ልንል የሚገባው የጊዜውን ርዝመት ነው፤ ውጤቱ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ አልመጣም፣ ገንዘቡንም የመደቡት ሰዎች በአንድ ዓመት ይመጣል ብለው አልጠበቁም።

ይሁን እንጂ ከዚያችው ከብሪታንያ የምንማረው ሌላም ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ገንዘቡ የሚከፋፈለው ሜዳሊያ የማግኘት ተስፋን በመመዘን ነበርና የባድሚንተን ቡድኗ በሪዮ የነሐስ ሜዳሊያ ባመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ድጋፉን በሙሉ አጣ። መንግሥት ያለውን ውስን ገንዘብ ውጤት በሚያመጣበት ቦታ ማዋል እንዳለበት አምናለሁ፤ ሁሉንም በእኩል ማጠጣት ማንንም አያረካም የሚለውን ክርክርም አልንቅም። ነገር ግን ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመታት ሕይወቱን በአንድ ስፖርት ላይ የመሠረተ ወጣት፣ የሚወዳደርበት ዘርፍ በሚቀጥለው ውድድር ሜዳሊያ አያመጣም ተብሎ ስለተገመተ ብቻ በአንድ ደብዳቤ ከአበሉም፣ ከሐኪሙም፣ ከልምምድ ቦታውም በአንድ ጊዜ ሲለያይ፣ ውሳኔው በወረቀት ላይ ትክክል ሊመስል ቢችልም በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ተሰልቶ የተወሰነ አይደለም። ስለዚህ ሰነዳችን የሚጠይቀው መንግሥት ድጋፉን ፈጽሞ እንዳያቋርጥ አይደለም፤ ድጋፉ ለአራት ዓመት የኦሎምፒክ ዑደት አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ መቋረጡ ግድ ሲሆንም በቂ ማስጠንቀቂያና የመሸጋገሪያ ክፍያ እንዲኖር ነው።

ሽልማትን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። ሲንጋፖር በግል ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ላመጣ ስፖርተኛ 1 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ትሰጣለች። አሸናፊን ማክበር መልካም ነው፣ ማንም ተቀባይ ሊያፍርበት አይገባም። ሆኖም የሚከፈለው ላሸነፈው ነው። ከእሱ ጋር በየጠዋቱ እኩል የሮጠው፣ በፍጻሜው ውድድር አምስተኛ የወጣው፣ ወይም ከዝግጅቱ መካከል ጅማቱ የተበጠሰበት ጓደኛው ከዚህ ገንዘብ አንዳች አያገኝም፤ ሁሉም ግን ለዝግጅቱ ያወጡት ጊዜና ገንዘብ ያው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ ልምጣ፤ ስፖርተኛው በመንግሥት ፊት ማን ነው? ተቀጣሪ ነው፣ ተማሪ ነው ወይስ ተረጂ? በጣሊያን ብዙ ስፖርተኞች በፖሊስና በጦር ኃይሎች የስፖርት ቡድኖች ውስጥ ተቀጥረው ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክ 100 ሜትርን ያሸነፈው ማርሴል ጃኮብስ የፖሊሱ የስፖርት ቡድን አባል ነበር። በሌሎች አገሮች ግን አበሉ እንደ ትምህርት ድጎማ ይቆጠራል። ብሪታንያዊቷ ብስክሌተኛ ጄስ ቫርኒሽ በ2016 ከብሔራዊ ቡድኑ ፕሮግራም ከወጣች በኋላ ተቀጣሪ ነበርኩ ብላ ተሟግታለች፤ የሥራ ክርክር ችሎቱ በ2019 ተቀጣሪ አልነበረችም ሲል ወሰነ፣ ይግባኟም በ2020 ውድቅ ሆነ። የሕጉን ትርጉም ለሕግ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ የሚከተለው ነው፤ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው በአንዲት አገር ስም አሥር ዓመት ከተወዳደረ በኋላ ጡረታም፣ የሥራ ስንብት ክፍያም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሳይኖረው ወደ ሥራ ገበያው ይገባል።

ግዴታው ግን ከማንኛውም ተቀጣሪ ይበልጣል። በፀረ-አበረታች ቅመሞች የምርመራ ቋት፣ ማለትም ድንገተኛ ምርመራ በሚደረግላቸው ስፖርተኞች ዝርዝር፣ ውስጥ የተመዘገባችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በዓመቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ቀን፣ በበዓልም ሆነ በኀዘን፣ ለ60 ደቂቃ የምትገኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ መርማሪዎቹ ካጡዋችሁ ወይም መረጃውን በትክክል ካላስመዘገባችሁ እንደ ሕግ ጥሰት ይቆጠርባችኋል። ይህን ሕግ እንደግፋለን፣ ንጹሕ ስፖርተኛን የሚጠብቅ ሕግ ነውና። ነገር ግን ስፖርተኛው በየማለዳው የት እንዳደረ ማወቅ ተገቢ ከሆነ፣ በዚያው ማለዳ ቁርሱን በምን እንደሚበላ ማሰብም ተገቢ ነው።

ስለ ጉዳትና ስለ እርግዝና ደግሞ ሰነዱ ግልጽ አቋም ይዟል። የካናዳ መንግሥት የስፖርተኞች ድጋፍ ፕሮግራም ለስፖርተኛው በቀጥታ የሚከፈል ወርኃዊ አበል አለው፤ በ2017 የከፍተኛው ደረጃ አበል ከ1,500 ወደ 1,765 የካናዳ ዶላር ከፍ ብሏል፣ የትምህርት ክፍያም ይሸፍናል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ በጤና ምክንያት የተቀመጠውን መስፈርት ማሟላት ያልቻለ ስፖርተኛ ድጋፉ የሚቀጥልበት ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። የተጎዳ ስፖርተኛ ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አበሉ ጉዳት በደረሰበት ወር የሚቋረጥ ከሆነ፣ ስፖርተኛው ጉዳቱን ደብቆ መወዳደርን ይመርጣል፣ ትንሹም ጉዳት በዚህ ምክንያት የማይድን ይሆናል። አሠልጣኞቻችን በዚህ ላይ ምስክር ናችሁ።

የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ በሚያስፈልግበት ጊዜ ለምን ለስፖርተኛ ይሰጣል የሚል ጥያቄም ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠይቁንንም ሰዎች ለስፖርት ፍቅር የላቸውም ብለን መናቅ የለብንም። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ አንድ መንግሥት በሰንደቅ ዓላማው ሥር የሚወዳደር ቡድን አያስፈልገኝም ቢል መብቱ ነው። ቡድኑን ከላከ፣ ማሊያውን ካለበሰ፣ በድሉም ከኮራ ግን የዝግጅቱን ወጪ በስፖርተኛው ቤተሰብ ትከሻ ላይ ጥሎ ሊያልፍ አይችልም። ምክንያቱም እንዲህ ሲሆን በቡድኑ የሚመረጠው የተሻለው ስፖርተኛ ሳይሆን ቤተሰቡ ሊያቆየው የቻለው ይሆናል። በእኛም በኩል እያንዳንዱ የተቀበልነው ገንዘብ ለምን እንደዋለ በየዓመቱ ለማሳወቅ ዝግጁ መሆናችንን ሰነዱ ውስጥ አስፍረናል፤ አንዳንድ አባላት ይህ አንቀጽ ጫና ያበዛብናል ብላችሁ እንደተቃወማችሁት አውቃለሁ፣ እኔ ግን እንዲቀር አልመክርም።

ዛሬ ከሰዓት በፊት ሰነዱን አንቀጽ በአንቀጽ እንወያይበታለን። በተለይ አበሉ በፌዴሬሽኖች በኩል ሳይሆን በቀጥታ በስፖርተኛው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ በሚጠይቀው አራተኛው አንቀጽ ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳለ ስለምናውቅ ሰፋ ያለ ጊዜ መድበንለታል፤ ውድድር ያቆማችሁ አባላት ስለ መሸጋገሪያ ክፍያው የምትሰጡትን አስተያየትም በልዩ ትኩረት እንጠብቃለን። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል፣ የጸደቀውም ሰነድ በዚህ ሳምንት ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ይቀርባል። ደብተሬን መድረኩ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የእናንተንም ለማምጣት ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሰነዱ ጋር በአባሪነት እንድናያይዘው ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እንድታስረክቡ እየጠየቅኩ፣ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።