ስም ያላቸው ክፍት ቦታዎች

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንዲት ሚጢጢ ፈንክሽን ነው፤ ፈንክሽን ማለት ስትጠራ አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ ናት። ዓረፍተ ነገር ትቀበላለች፣ ክፍት ቦታዎቹን ትሞላለች፣ ትመልሳለች። በቃ።

የጻፍኳት በሉዋ ነው። ሉዋ በ1993 ሪዮ ዴ ጄኔሮ የተወለደ ቀለል ያለ የስክሪፕት ቋንቋ ነው፤ ጌም የሚሠሩ ልጆች በደንብ ያውቁታል። ፓይተን ከሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የመጣ ሰው ግን ትንሽ ቅር ይለዋል። ፓይተን ላይ ከ2016 ወዲህ፣ ማለትም ከ3.6 ጀምሮ፣ ከጥቅሱ ፊት ኤፍ አድርጎ ቫሪያብሉን፣ ማለትም ዋጋ የያዘውን ስም፣ እዚያው መሃል መክተት ይቻላል። ሉዋ ይሄ የለውም። ያለው ሲ የሚባለውን ቋንቋ መንገድ የተከተለው ፎርማት የሚባል ፈንክሽን ነው፤ ክፍት ቦታው ላይ ፐርሰንት ኤስ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ዋጋዎቹን በተርታ ትደረድራላችሁ።

ችግሩ ተርታው ነው። «ለአልማዝ 200 ብር ልከዋል» የሚል መልእክት አስቡ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ብሩ ይቀድማል፣ አልማዝ ትከተላለች። በአማርኛ ይገለበጣል። የሉዋ ፎርማት ደግሞ «ሁለተኛውን መጀመሪያ አምጣ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ክፍት ቦታው በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም መጠራት አለበት፤ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ «ተቀባይ»፣ «መጠን» ብሎ።

ደስ የሚለው፣ ሥራውን የሚሠራው ጂሰብ የሚባለው የሉዋ ፈንክሽን ነው። ፓተርን፣ ማለትም የሚፈለገው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል፣ ትሰጡታላችሁ፤ ከጎኑ ቴብል፣ ማለትም ስሞችና ዋጋዎቻቸው የተዘረዘሩበትን፣ ትሰጡታላችሁ፤ ያገኘውን ስም ቴብሉ ውስጥ ራሱ ፈልጎ ይተካል። እየደጋገመ የሚዞር ሉፕ የለ፣ ምን የለ። አንድ አመል ግን አለው፦ ሁለት ነገር ይመልሳል፣ ጽሑፉንና ስንት ጊዜ እንደተካ። እንዳለ ፕሪንት ካደረጋችሁት ከመልእክቱ ኋላ አንድ ቁጥር ዱብ ይላል። ጥሪውን በቅንፍ ስትከቡት ቁጥሩ ይቀራል።

ስሙ ቴብሉ ውስጥ ከሌለስ? ጂሰብ ቅንፉን እንዳለ ትቶት ያልፋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ኮድ ላይ ግን የሚነቅዘው ዝም ያለው ነው። ደንበኛ ስልክ ላይ «ለ» ብሎ ጥምዝ ቅንፍ ከሚደርስ ፕሮግራሙ ቢጮህ እመርጣለሁ። ስለዚህ በቴብሉ ምትክ ፈንክሽን እሰጠዋለሁ፤ ስሙ ካልተገኘ ኤረር አውጥታ ትቆማለች።

አሁን ወደ ፊደላችን። ብዙ ሰው ለፓተርኑ ፐርሰንት ደብሊው ይጽፋል፣ «ፊደልና ቁጥር» ለማለት። በተለመደው አሠራር ሉዋ በዚህ ከፊደል የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። «ተቀባይ» ለእሱ ፊደል አይደለም። መፍትሔው «መዝጊያ ቅንፍ ያልሆነ ሁሉ» ማለት ነው፤ ያኔ ግዕዙም ይገባል።

ደረሰኝ ላይ ስሞችን በዓምድ ማሰለፍ ሲመጣ ይብሳል። ፎርማትን «10 ቦታ ያዝ» ስትሉት የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ፣ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የፊደል አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይበላል። አበበ 9 ባይት ነው፣ አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይጨመርለታል። ካሳሁን 12 ነው፣ ምንም አያገኝም። ደረሰኙ ይንጋደዳል። ከሉዋ 5.3 ወዲህ ፊደል የሚቆጥር ፈንክሽን አለ፤ በእሱ ርዝመቱን አውቆ የጎደለውን ክፍት ቦታ ራስ መጨመር ነው። ያኔም ቢሆን ፎንቱ «ጨ»ንና «ን»ን እኩል ካላሰፋቸው ዓምዱ ቀጥ አይልም። እሱን ኮድ አይፈታውም።

ሰዎች «ፈንክሽኗ ቀን ታስተካክል፣ ለሺው ኮማ ታስገባ» ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይምጣ፣ እሷ ትሙላ። የግሡም ነገር እንደዚያው ነው። ስሙ አልማዝ ይሁን አበበ ለእሷ አንድ ነው፤ «ላከ» ወይስ «ላከች» የሚለውን አታውቅም። ለደንበኛ ከሆነ «ልከዋል» ብሎ በአክብሮት መገላገል ይቻላል። የልጆች ጌም ላይ ግን ሕፃን ልጅ አንቱ ሲባል ያስቃል፤ እዚያ ለአንተና ለአንቺ ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ፣ የትኛው እንደሚላክ ፈንክሽኗን የሚጠራው ኮድ ይወስናል።