ርካሹ ዓሣ ስንት ያወጣል? የጎጃም የጌጥ ዓሣ አርቢዎችና ከውጭ የሚገባው ዓሣ

ጥሩወርቅ፦ ጤና ይስጥልን፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየጓሯቸውና በየበረንዳቸው የጌጥ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች፣ በፌስታል ታሽጎ በአውሮፕላን ከሚመጣው ርካሽ ዓሣ ጋር እንዴት ሊወዳደሩ ይችላሉ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። እኔ ራሴ ጋፒ የሚባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ ስለማረባ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ የማየው አይደለም። አብረውኝ ያሉት ጋሽ ይበልጣል ናቸው፤ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩና ከማንም በላይ የውሃን ነገር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጋሽ ይበልጣል፣ እንኳን ደህና መጡ።

ይበልጣል፦ እንኳን ደህና ቆየሽኝ ጥሩወርቅ። ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ በዋጋ ብቻ ከተወዳደርን እንሸነፋለን። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣው የሚያድገው ደጅ በተሠራ ኩሬና ገንዳ ውስጥ ሲሆን፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ በተፈጥሮው ሞቃት ስለሆነ ለማሞቂያ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ሲንጋፖር ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዓለም ግንባር ቀደም ላኪዎች ተርታ የቆየችውም የራሷን ዓሣ ብቻ በማርባት አይደለም፤ ከጎረቤቶቿ እየሰበሰበች፣ እየለየችና እያሸገች በመላክ ጭምር ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በታምፓ ዙሪያ ያሉት አርቢዎች ሰፊ ኩሬና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ድጋፍ እያላቸው እንኳ የእስያ ዓሣ ገበያቸውን አጥብቦባቸዋል፤ በርካታ እርባታዎችም ተዘግተዋል። እነሱን የጎዳ ዋጋ፣ ማታ ማታ መብራት የሚጠፋባትን የባሕር ዳር አርቢ ምን ያህል እንደሚጫናት መገመት አያዳግትም።

ጥሩወርቅ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ብዙ አርቢዎች ነገሩ የሚገለበጥ መስሏቸው ነበር። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባውም ዓሣ በዚያው መጠን ይወደዳል፣ እኛም እፎይ እንላለን የሚል ተስፋ ነበር።

ይበልጣል፦ ተስፋው መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን የአርቢው ወጪ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። የአየር ፓምፑ፣ ማሞቂያው፣ መድኃኒቱ፣ ለዓሣ ጫጩቶች መኖ የሚፈለፈለውና በቆርቆሮ የሚሸጠው የአርጤምያ (የጥቃቅን የውሃ እንስሳ) እንቁላል ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ስለዚህ ምንዛሬው ሲወጣ የሁለቱም ወገን ዋጋ አብሮ ይወጣል። ከዚህ ጉዳት ያመለጠው መኖውን እዚሁ የሚያመርት ሰው ብቻ ነው፤ ጎመን ወይም የሙዝ ልጣጭ በውሃ ዘፍዝፎ ለጫጩቶቹ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን የሚያራባ፣ በክዳን የለሽ በርሜል የትንኝ እጭ አድጎ ወደ ትንኝነት ሳይለወጥ የሚሰበስብ፣ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ውሃውን እንዳያበላሽ በጣም በጥቂቱ የሚሰጥ ማለቴ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ግን ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዋጋው ትርጉም ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ ያህል ከውጭ የገባ አንድ ጋፒ 100 ብር፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ 140 ብር ይሸጣል እንበል። ገዢው ከውጭ ከመጡት አሥር ገዝቶ በአንድ ወር ውስጥ አራቱ ቢሞቱበት፣ በሕይወት የቀረው እያንዳንዱ ዓሣ ወደ 167 ብር አስወጥቶታል። ከአገር ውስጡ አሥር ገዝቶ አንድ ቢሞትበት ግን 156 ብር ገደማ ነው። ይህ ለማስረዳት ያነሣሁት ስሌት ቢሆንም፣ የሚያሳየው ነገር እውነት ነው፤ ርካሹ ዋጋ የተለጠፈው በሕይወት ለሚዘልቀው ብቻ ሳይሆን ለሚሞተውም ዓሣ ጭምር ነው።

ይበልጣል፦ ለምን እንደሚሞት ደግሞ እናስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርግና ዓሣ ማርባቱን ጨርሶ ይተወዋል። በእስያ ብዙ የጋፒ እርባታዎች ውሃቸው ጥቂት ጨው ያለበት ነው። ዓሣው በዚያ ውሃ ተወልዶ አድጎ፣ እዚህ ሲደርስ ጨው በሌለው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይገባል። በአንዳንድ እርባታዎች ደግሞ ወንዶቹ ቶሎ እንዲያሸበርቁ ሆርሞን ይሰጣቸዋል፤ እንዲህ ያለው ዓሣ ዓይን ይማርካል፣ ለዘር ግን ላይሆን ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ጉዞው ነው። ዓሣው ከመታሸጉ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጾማል፤ ከዚያ ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን በሆነ ፌስታል ይታሸጋል። በመንገድ ላይ ከዓሣው አካል የሚወጣው አሞኒያ በውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚያደላው አሞኒያው ብዙም በማይመርዝ መልክ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበንና የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ያው አሞኒያ ወደ መርዛማው መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የመጣን ዓሣ፣ ፌስታሉን ከፍቶ እዚያው ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ማቆየት ጉዳት ነው። ታሽጎ እንዳለ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር ካስተካከሉ በኋላ፣ ከፍቶ ዓሣውን ብቻ በወንፊት አውጥቶ ቶሎ ወደ ንጹሕ ውሃ ማዛወር ይሻላል።

ጥሩወርቅ፦ ይህን የምንለው የራሳችንን ወገን ለማሞገስ ብቻ እንዳይመስል፣ የአገር ውስጥ አርቢዎች ጉድለትም በግልጽ መነገር አለበት። አከርካሪው የጎበጠ ጋፒ በገበያ ላይ አይቻለሁ፤ ከውጭ የመጣ አልነበረም። ወንድምና እኅት ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚመጣ ነገር ነው። የጋፒ እንስት የወንዱን ዘር በሆዷ ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ ጫጩቶቹ ከተወለዱ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ወንዱንና ሴቱን ያልለየ ሰው የትኛው ጫጩት ከየትኛው አባት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። የባሕር ዳሩ አርቢ ከደብረ ማርቆሱ ጋር ወንድ ዓሣ ቢለዋወጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ እኛ ግን ዘራችንን እንደ ምሥጢር እንደብቃለን። ይህ ልማድ ከማንኛውም ርካሽ ዓሣ ይልቅ ይጎዳናል።

ይበልጣል፦ በሽታውንም ጨምሪበት። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚያመጣው ተውሳክ ከዓሣው ቆዳ ላይ ረግፎ በገንዳው ወለል ላይ ከተጣበቀ በኋላ ወደ መቶዎች ተከፋፍሎ፣ አዲስ የሚጠጋበት ዓሣ ፍለጋ በውሃው ውስጥ ይዋኛል። መድኃኒትም ሆነ ጨው የሚገድለው በዚያ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ነጠብጣቡ ከዓሣው ላይ ጠፋ ተብሎ ሕክምናው አይቋረጥም። እንግዲህ ጤነኛው የአገር ውስጥ ዓሣ በሱቁ ገንዳ ውስጥ ትናንት ከውጭ ከገባው ጋር ከተቀላቀለ፣ አርቢዋ የደከመችበት ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጠፋል፤ ስሙ የሚነሣውም የእሷ ነው። ባለ ሱቁ ለአገር ውስጡ ዓሣ የተለየ ገንዳና የተለየ ወንፊት እንዲኖረው ጠይቁ፤ ፈቃደኛ ካልሆነ በቀጥታ ለገዢው መሸጥ ይመረጣል።

ጥሩወርቅ፦ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ሰው ዛሬ ሊጀምር ቢያስብ የትኛውን ዓሣ ያርባ?

ይበልጣል፦ እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ ዓሣውን በውበቱ ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ በሚመዝነውና በመንገድ ላይ በሚደርስበት ጉዳት መርጣችሁ አርቡ ነው። ኒዮን ቴትራን እንውሰድ። ከአማዞን የመጣ ትንሽ ዓሣ ነው፤ እንቁላሉ ብርሃን የማይወድ፣ ለመራባት ለስላሳና ወደ አሲድነት ያደላ ውሃ የሚፈልግ ነው። በአንድ ፌስታል ብዙ መቶ ሊታሸግ ስለሚችልና በእስያ በገፍ ስለሚረባ በእሱ መወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ቤታም ቢሆን ያሳስበኛል። ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ የሰየመችው ይህ ዓሣ በቀጥታ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል መብራት ሲጠፋ አይሞትም፤ ለእኛ ተስማሚ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ምክንያት በጥቂት ውሃ፣ በትንሽ ፌስታል፣ ብዙም ሳይጎዳ ከባንኮክ ይደርሳል። ለእኛ የሚመቸን ጠባዩ ለአስመጪውም ይመቸዋል።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ጎልድፊሽስ?

ይበልጣል፦ እሱን ነው የምፈልገው። በደንብ ያደገ ጎልድፊሽ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ የአውሮፕላን ጭነት ደግሞ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ስለዚህ ዋጋውን የሚያስወድደው ዓሣው ሳይሆን አብሮት የሚጓዘው ውሃ ነው፤ ይህ ለአገር ውስጥ አርቢ ማንም ያልጠየቀው ቀረጥ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዚህም በላይ ጎልድፊሽ ቅዝቃዜ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ውሃው ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ነው እንቁላል የሚጥለው። የጌጥ ዓሣ ያለ ማሞቂያ አይረባም ብሎ ተስፋ የቆረጠ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ የጨሞጋ ወንዝ አካባቢ ብርድ ለጎልድፊሽ በረከት መሆኑን ይወቅ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በመጽሐፍ የተጻፈውን የዓሣ ብዛት ሳይቀንሱ ገንዳ መሙላት አይገባም።

ጥሩወርቅ፦ ለባሕር ዳር ደግሞ እኔ ጋፒንና ሞሊ የሚባለውን ዓሣ እመርጣለሁ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ብቻ ማሞቅ ወይም ገንዳውን በወፍራም ፎም መሸፈን ይበቃል። በሕንድ ቼናይ ከተማ ኮላቱር በሚባለው ሰፈር የጌጥ ዓሣ እርባታ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ በስሪ ላንካም ላኪዎች ከየቤቱ አርቢ እየሰበሰቡ ይልካሉ። እኛ ግን እያንዳንዳችን ስምንት ዓይነት ዓሣ በጥቂት በጥቂቱ እናረባለን፤ ባለ ሱቅ ሃምሳ ቀይ ጋፒ ሲጠይቅ ማናችንም ብቻችንን አንሞላለትም። አስመጪው የሚያሸንፈን በዋጋ ብቻ አይደለም፤ የተጠየቀውን በተባለው ቀን በማቅረብም ነው። አንዷ ቀዩን፣ ሌላዋ ጥቁሩን ሞሊ፣ ሦስተኛዋ ጎልድፊሹን ይዛ ትእዛዝ በጋራ ቢቀበሉ ይህ ይስተካከላል።

ይበልጣል፦ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩም ከሆነ መንገዱን አስቡበት። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀን ላይ ብርድ ነው፤ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀት፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ እንደገና ብርድ። የፎም ሳጥኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፌስታሉ ባሕር ዳር ላይ እስኪወጠር በኦክስጅን ከተሞላ ደግሞ ከፍታው ሲጨምር ያብጥና ይፈነዳል፤ ጥቂት ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። መንገድ ሲዘጋ ዓሣው በመኪና ውስጥ እንዳያድር አስቀድሞ ማጣራትም ግድ ነው። በሌላ በኩል፣ መንገድ በተዘጋበት ወቅት ለባሕር ዳር ሱቆች ዓሣ ሊያቀርብ የሚችለው የሰፈሩ አርቢ ብቻ መሆኑን ባለ ሱቆቹ ሊያስቡበት ይገባል።

ጥሩወርቅ፦ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሌላ ሐሳብ አለ። እስያ የሌለውን የጣናን ዓሣ ለምን አንሸጥም የሚል ነው።

ይበልጣል፦ ሐሳቡ ያጓጓል፤ እንደሚባለው ቀላል ግን አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጣናን ከታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ስለለየው፣ በሐይቁ ውስጥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከአሥር በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። እነዚህ ግን ትልልቅ ናቸው፤ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው ስለሚራቡ በወንዝ አፍ ላይ በሚጣል መረብ ክፉኛ ተመናምነዋል። ለገንዳ የሚስማማው ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው፤ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ዝቃጭ እየፋቀ ይመገባል። ከዝርያዎቹ አንዱ ጋራ ደምበጫ ተብሎ በእኛው በጎጃሟ ደምበጫ ስም የተጠራ ሲሆን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ የተዋወቀው። ይህን ዓሣ ከወንዝ እየለቀሙ መሸጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። በባሕር ዳሩ የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል እገዛ በገንዳ ውስጥ ማራባት ከተቻለ ግን፣ ያን ጊዜ በእውነት ማንም የማይወዳደረን ዓሣ ይኖረናል።

ጥሩወርቅ፦ የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው፤ የእኛ የጌጥ ዓሣ ወደ ጣና መግባቱ። እምቦጭም እኮ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ታየ፤ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ጋፒም በብዙ አገሮች ወራሪ ሆኗል።

ይበልጣል፦ ስለዚህ የገንዳ ውሃ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ አትክልት ይደፋ፤ ገዢም ዓሣው ሲሰለቸው ወደ ሐይቅ እንዳይለቀው በሚሸጥበት ጊዜ ይነገረው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ከሸጥሁት ዓሣ ያልተፈለገውን መልሼ እቀበላለሁ፤ ሌሎች አርቢዎችም ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የተመለሰው ዓሣ ለሦስት ሳምንት በለይቶ ማቆያ ገንዳ ይቀመጣል፤ ጤነኛ ከሆነ ዳግመኛ ይሸጣል።