ከአውትሉክ ወደ ተንደርበርድ፦ የተዘበራረቁ ፎልደሮችን ማስተካከል

[ስክሪን፦ የተንደርበርድ ግራ ጎን፣ የፎልደሮች ዝርዝር]

ሰላም ወዳጆች! ኢሜይል ማንበቢያና መላኪያ ፕሮግራሙን ተንደርበርድን ጫናችሁ፣ አካውንታችሁ ገባ፣ ኢሜይሉም መጣ። ግን ዝርዝሩን እዩት። "ሴንት" አለ፣ "ሴንት አይተምስ"ም አለ። የዛሬ ወር የላካችሁት አንዱ ውስጥ ነው፣ የዛሬው ሌላው ውስጥ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የአካውንቱን ስም ራይት ክሊክ አድርጉና "ሴቲንግስ" ውስጥ ግቡ። "ሰርቨር ሴቲንግስ" ላይ አይማፕ ወይም ፖፕ ይላል፤ ኢሜይል ወደ ፕሮግራሙ የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። አይማፕ ከሆነ ፎልደሮቹ ሰርቨሩ (የኢሜይል አቅራቢያችሁ ኮምፒውተር) ላይ ናቸው። እዚህ ያጠፋችሁት ስልካችሁም ላይ ይጠፋል። ፖፕ ከሆነ ግን የድሮው ኢሜይል አውትሉክ ኮምፒውተራችሁ ላይ ባስቀመጠው ፒኤስቲ ፋይል ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ሳታደርጉ አውትሉክን አታጥፉ።

[ስክሪን፦ "ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ" ገጽ]

አሁን ወደ ሴንት እንመለስ። መጀመሪያ በብራውዘር ኢሜይላችሁ ውስጥ ገብታችሁ ለራሳችሁ አንድ ኢሜይል ላኩ። የላካችሁት የት እንደተቀመጠ እዩ፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው ያንን ፎልደር ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ብዙውን ጊዜ "ሴንት አይተምስ" ነው። ከዚያ ተንደርበርድ ላይ "ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ" ውስጥ "አዘር" የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፎልደር ስጡት። ከአሁን በኋላ የምትልኩት ሁሉ እዚያ ይገባል።

በሌላው ፎልደር የቀረውንስ? ጎትታችሁ አትውሰዱት። ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ የቱ እንደሄደ፣ የቱ እንደቀረ ግራ ያጋባል። መቶ መቶ እያደረጋችሁ "ኮፒ ቱ" በሉ፣ መድረሱን አረጋግጡ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፉ። ያደክማል፣ ግን የደንበኛ ውል ወይም የቪዛ ደብዳቤ ከሚጠፋ ይሻላል።

[ስክሪን፦ "ሰብስክራይብ" መስኮት]

የጠፋ የመሰለ ፎልደር ካለ፣ አካውንቱን ራይት ክሊክ፣ "ሰብስክራይብ"፣ ምልክት አድርጉበት። ጂሜይል የምትጠቀሙ ደግሞ "ኦል ሜይል" ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። እዚያ ያለው ኢሜይል አብዛኛው ሌላ ፎልደር ውስጥም ይታያል።

በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ "ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ" ውስጥ የቅርብ 30 ቀን ብቻ እንዲያወርድ አድርጉ። አለበለዚያ የዓመታት አባሪ ፋይል ሁሉ ሲወርድ ፓኬጃችሁ ያልቃል።

አዲስ ፎልደር መፍጠሩን ግን አታብዙት። ጉዳዩ ያለቀ ኢሜይል ላይ ሆናችሁ የኪቦርዱን "ኤ" ተጫኑ። ተንደርበርድ በየዓመቱ ለይቶ አርካይቭ (የድሮ ኢሜይል ማስቀመጫ ፎልደር) ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የቀረውን በፍለጋ ታገኙታላችሁ።